የክታቡ ዓይንና የሐኪሙ ዓይን፤ ከሐሙሲትና ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ የተጻፈ የፈውስ መጻሕፍት ታሪክ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ስሟን ከሐሙስ ቀን ያገኘችውን ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ወረታና ወደ ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይገባል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ሲታመም የሚያንኳኳቸው በሮች ብዙ ናቸው። ጤና ጣቢያው አንዱ በር ነው። ጸበሉ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውሃ፣ መድኃኒት አዋቂውና ክታብ ጸሐፊው ደብተራም እያንዳንዳቸው በር ናቸው። ሕመምተኛው ከነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን አይተውም፤ ሁሉንም በየተራ፣ አንዳንዴም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጎበኛቸዋል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን ከራሳችን በር ውጪ ያሉትን የምናውቃቸው በስም ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ስለ ሕመምና ስለ ፈውስ የተጻፉ ጥንታውያን መጻሕፍትን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ፣ መጻሕፍቱ ስለ «ማየት» ያላቸውን አስተሳሰብ መመርመርና ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚጠቅም ነገር መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የራሴ ስሕተት ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም በጀማሪ ሐኪምነት ስሠራ፣ ከሐሙሲት ገጠር የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። በአንገቷ ላይ በቆዳ የተለበጠ ክታብ ታስሮ ነበር። ምን እንደሚሰማት ስጠይቃት፣ «ዶክተር፣ ዓይነ ጥላ ልጆቼን እየወሰደብኝ ነው፤ ይኸኛውን እንዲያተርፉልኝ ነው የመጣሁ» አለችኝ። እኔ «ዓይነ ጥላ» የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ተዘጋ። የልጆቿን ልደትና ሞት በቅደም ተከተል አልጠየቅኋትም። በካርዷ ላይ የደም ዓይነት የሚሞላበት ቦታ ባዶ መሆኑንም አላየሁም። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጥሁ፤ «ደኅና ነሽ» አልኋት። ስትወጣም ክታቡን አውልቃ እንድትመጣ በቁጣ ቃል አዘዝኋት። በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። የቀረውን ታሪክ በቦታው እመለስበታለሁ።

ሁለት ዓይነት መጻሕፍት

በአማራ አካባቢ በደብተሮች እጅ የሚገኙ የፈውስ መጻሕፍት በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው መጽሐፈ መድኃኒት የሚባለው ነው። ይህ መጽሐፍ የበሽታውን ስም ያነሣል፤ ቀጥሎም የሚቀመመውን ሥር፣ ቅጠል ወይም ፍሬ፣ የሚወሰድበትን መንገድና ጊዜ ያዝዛል። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ብሳና፣ እንዶድ፣ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ስሞች ናቸው። ሁለተኛው የጸሎትና የአስማት መጽሐፍ ሲሆን፣ መፍትሔ ሥራይን፣ ልፋፈ ጽድቅን፣ ጸሎተ ሱስንዮስንና እነዚህን የመሰሉትን ይይዛል። ከነዚህ ጎን የሕመምተኛውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር እየለወጠ ዕድልንና ደዌን የሚያሰላው ዐውደ ነገሥት አለ። በተግባር ግን ድንበሩ ጥብቅ አይደለም፤ አንዱ ደብተራ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጥራዝ ጽፎ ሊይዝ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ለነዚህ መጻሕፍት የነበራቸው አቋም አንድ ወጥ አልነበረም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋይንና አስማተኛን አጥብቆ ያሳደደ ንጉሥ ነበር። ሕዝቡ ደስክን የመሳሰሉ አጋንንትን መካዱን በአካሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያሳይ ማዘዙን ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ይሁን እንጂ የአስማቱን መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዜማና ቅኔ የተማረው፣ ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ ነበር። የተከለከለውም የተፈቀደውም በአንድ እጅ፣ በአንድ ብራና፣ በአንድ ቀለም ይጻፍ ስለ ነበር ክልከላው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ኖረ።

እነዚህን መጻሕፍት በዘመናዊ መንገድ ያጠኗቸው ቀድመው የውጭ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 በፓሪስ አሳትሟል። የፖላንዱ ተወላጅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1955 ሥራይን የሚፈቱ ጸሎቶችን፣ በ1968ና በ1973 ደግሞ በሁለት ቅጽ የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎችና የዕፅዋት ስሞች ከትርጉም ጋር አውጥቷል። ዣክ መርሲዬ ከደብተሮች ጋር ተቀምጦ ስለ ክታብና ጠልሰም ያጠናውን በ1979 ለመጽሐፍ አብቅቷል። የዳካር ጅቡቲ ጉዞ የተባለው የፈረንሳይ ቡድን በ1932 በጎንደር ሲቀመጥ፣ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በምትባል የዛር ባለ ውቃቢ ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጽፏል። ቡድኑ ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከአገር ወጡ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የጎንደር ወይም የወረታ ሐኪም የአያቶቹን የመድኃኒት መጽሐፍ ለማንበብ ቢፈልግ፣ ጥሩ ስብስብ የሚያገኘው በፓሪስ ነው።

ክታብ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይፈውሳል?

ክታብ የሚጻፍበት ብራና ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። በልማዱ መሠረት የጥቅልሉ ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ምክንያቱም ጥበቃው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ ታስቦ ነው። የሕመምተኛው የክርስትና ስም በጽሑፉ መካከል ደጋግሞ ይገባል። ከጸሎቱ ጋር ጠልሰም የሚባሉ ሥዕሎች ይሣላሉ፤ መልአክ፣ መስቀል፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይኖች።

የዓይኑ ነገር ለሐኪም አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በደብተራው አስተሳሰብ ብዙ ሕመም በዓይን ይገባል። ቡዳ በዓይኑ ይበላል፤ ዓይነ ጥላ ስሙ ራሱ ዓይንን ይዟል፤ ጋኔን በምንጭ ዳር ወይም በቀትር ሜዳ ለሰው ታይቶ ያስደነግጠዋል። በዓይን የገባ በዓይን ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕመምተኛው ጠልሰሙን ትኩር ብሎ እንዲመለከት ይደረጋል። በእርሱ ውስጥ ሆኖ የሚመለከተው መንፈስ የጠልሰሙን ዓይን አይቶ ይሸሻል ይባላል። እንግዲህ ጠልሰም ለጌጥ የተሣለ አይደለም፤ በማየት የሚወሰድ መድኃኒት ሆኖ ታስቧል ማለት ነው። ይህን እንደ ሳይንስ መቀበል አይጠበቅብንም። ነገር ግን ጠልሰሙን የሣሉት ሰዎች ማየት ማለት ብርሃን በዓይን መግባቱ ብቻ አለመሆኑን፣ የሚያየው ሰው ፍርሃትና ተስፋም የማየቱ ክፍል መሆኑን ተረድተው ነበር።

በመጽሐፈ መድኃኒት በኩል ደግሞ ማየትን በቀጥታ የሚለውጡ ዕፅዋት ይገኛሉ። አስተናግር የሚባለው ተክል ስሙ እንደሚመሰክረው የወሰደውን ሰው ያስለፈልፋል፤ በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ ለአእምሮ መከፈት ይጠጣል የሚባለው አብሾም ከዚህ ተክል ጋር ስሙ ይነሣል። ዛሬ ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን እንደያዘ እናውቃለን። የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአፍ መድረቅ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይዞ የመጣ ወጣት ሲገጥመን «መንፈስ ያዘው» ወይም «አበደ» ከመባሉ በፊት ስለዚህ ተክል መጠየቅ ይገባል። ኮሶም እንዲሁ ነው። ለኮሶ ትል በእርግጥ የሚሠራ መድኃኒት በመሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ገብቶ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፍ ተዘግቧል። አንዱ መጽሐፍ ፈዋሹንም ጎጂውንም በአንድ ገጽ አስቀምጦልናል፤ የመለየቱ ሥራ የእኛ ነው።

ከሕንድ የመጣው መጽሐፍ

ስለ ሕመምና ስለ ማየት ከሚናገሩት የግዕዝ መጻሕፍት መካከል አንዱ መነሻው እጅግ ሩቅ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የበረላምንና የይዋሴፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ዕንባቆም ራሳቸው ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። ታሪኩ ስለ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ለምጻምንና ዓይነ ስውርን፣ ቆይቶም ያረጀ ሽማግሌን ያያል፤ ከዚያ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ደስታ መኖር አይችልም። በረላም የተባለ መናኝ መጥቶም ያስተምረዋል።

ይህ ታሪክ በመሠረቱ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ እንደሆነ ምሁራን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አረጋግጠዋል። ቦዲሳትቫ የሚለው የሕንድ ስም በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ፤ ከዚያም በዐረብኛ ጽሕፈት የአንዲት ነጥብ ልዩነት ዩዳሳፍ አደረገው፤ በግዕዝም ይዋሴፍ ሆኖ ደረሰን። (የአማርኛው «ቡዳ» ከዚህ ስም ጋር ዝምድና እንደሌለው ለማስታወስ ያህል ይጠቀሳል።) በመንገዱ ላይ የሙስሊሞችን፣ የጆርጂያንና የግሪክን እጅ ያለፈው ይህ ታሪክ ክርስቲያናዊ ልብስ ለብሷል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አልተለወጠም። ሕመምን ያላየ ሰው ሰውን አላየም ይላል።

በቡድሃ ትምህርት አራቱ እውነቶች የሚባሉት ሥቃይ እንዳለ ማወቅ፣ መንሥኤውን መለየት፣ ሊቆም እንደሚችል መረዳትና ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ መከተል ናቸው። ብዙዎች ይህን ከሐኪም አካሄድ ጋር ያመሳስሉታል፤ ምልክቱን ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ተስፋውን መገመት፣ ሕክምናውን ማዘዝ። በ1979 ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከቡድሃ ሃይማኖት የማሰላሰል ልማድ የወሰደውን ትኩረትን የማሠልጠን ዘዴ ለሥር ሰደድ ሕመምተኞች መስጠት ጀመረ። ዕንባቆም ግን የዚያን ትምህርት ታሪክ ከዚህ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው በቋንቋችን አኑረውልን ነበር።

የሐኪሙ ዓይን

እኛስ የምናየውን ሁሉ እናያለን? በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በሲቲ የተነሣ የሳንባ ምስል ውስጥ ዕጢ እንዲፈልጉ አደረገ። በምስሉ ላይ ከዕጢው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ተጨምሮ ነበር። ሃያዎቹ አላዩትም። ዓይናቸው ያረፈበት ሐኪሞች እንኳ ነበሩ። ዕጢ ሲፈልጉ ስለ ነበር ጎሪላ አልታያቸውም።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ግን በራሳችን ሜዳ አለ። የፎገራና የሊቦ ከምከም አካባቢ ወባ በሚገባ የሚታወቅበት ነው። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል፤ በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋምም ወባ ከዐበይት ጉዳዮቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር ትኩሳት ያለበት፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ የሚያየው ወባን ነው። ካላአዛር ግን እንደ ሑመራና መተማ ያለ የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ስለ ተማርን፣ በዚህ ከፍታ ላይ ማንም አልጠበቀውም። በግንቦት 2005 በሊቦ ከምከም መኖሩ ሲታወቅ፣ ወረርሽኙ አስቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጫፍ ደርሶ ሁለት ወረዳዎችን አዳረሰ። ከዚያ እስከ 2007 መጨረሻ በአካባቢው በነበረው ብቸኛ የሕክምና ማዕከል ከታከሙት መካከል 6.5 በመቶው ሞተዋል። ከመታወቁ በፊት በየቤታቸው የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ደብተራው ጋኔን አየ፤ እኛ ወባ አየን። ሁለታችንም ያየነው አስቀድመን የምናውቀውን ነው።

የክታቡ ንባብ

አሁን ወደ ሐሙሲቷ እናት ልመለስ። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ለውጫለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምጥ ይዟት በሌሊት አመጧት። ሕፃኑ ሲወለድ የገረጣ ነበር፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ሆነ፤ በሁለተኛው ቀን ሞተ። የእናትየው የደም ዓይነት ያን ጊዜ ተመረመረ፤ አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ አጎቷ የሆኑ አንድ መሪጌታ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አውልቂ ያልኋት ክታብ በእጃቸው ነበር። «የኔታ፣ ምን እንደሚል ያነቡልኛል?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ፈቱት። ጸሎተ ሱስንዮስ ነበር። ሱስንዮስ የበኩር ልጁን ውርዝልያ የምትባል ርጉም ገድላበት በፈረስ ተቀምጦ ያሳደዳት ቅዱስ ነው፤ ጸሎቱ የሚጻፈውም ሕፃናት ለሚሞቱባት እናት ነው። ከጸሎቱ መካከል የእናትየው የክርስትና ስም ነበር፤ ከስሟም ጋር የማኅፀኗ ፍሬ እንደ መጀመሪያው እንዲያድግ፣ እንደ ሁለተኛውና እንደ ሦስተኛው እንዳይሆን ልመና ተጽፎ ነበር። መሪጌታው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የልጆቿ ታሪክ ነው» አሉኝ።

እውነት ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ደኅና፣ ሁለተኛው ሞቶ የተወለደ፣ ሦስተኛው በተወለደ በቀናት ውስጥ የሞተ። ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ይህን ቅደም ተከተል ቢሰማ የሚያስበውን እኔም ባሰብሁ ነበር። እኔ ያልጠየቅሁትን የሕመም ታሪክ በአንገቷ ላይ ተሸክማ መጥታ ነበር፤ እኔ ግን አውልቂው አልኋት።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ «ሾተላይ» ብላ ቢሆን ኖሮ መስማቴ ነው። ሾተላይም በጥንቱ አነጋገር ተከታታይ ሕፃናትን የሚቀጥፍ ክፉ ነገር ስም ነበር። በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር የአርኤችን ነገር ካሳወቁ፣ ሌቪን ደግሞ በ1941 የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት የጨቅላውን ሞት እንደሚያስከትል ካሳየ በኋላ፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ እኛ ካርድ ገባ፤ ዛሬ የጤና ባለሙያ ሁሉ ሳያፍር ይናገረዋል። ሁለቱ ቃላት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። አንዱን ስለ ተቀበልነው ዕውቀት ሆነ፤ ሌላውን ስላልተቀበልነው አጉል እምነት ሆኖ ቀረ። ከ1968 ጀምሮ የፀረ ዲ መርፌ በጥቅም ላይ ውሏል። ለዚህች እናት ግን ሰውነቷ አስቀድሞ ተቆጥቶ ስለ ነበር መርፌው በዚያ ሰዓት አይረዳትም ነበር። ሊረዳት የሚችለው በሰባተኛው ወር ታውቆ፣ የፅንሱን ሁኔታ መከታተልና ጨቅላውን በብርሃን ማከምና ደሙን መለወጥ ወደሚቻልበት ሆስፒታል መላኳ ነበር። መርፌው ይረዳት የነበረው ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ማጠቃለያ

ይህን ታሪክ የተረክሁት ክታብ ያድናል ለማለት አይደለም። ክታቡ ሕፃኑን አላዳነውም። እንጥል በመቁረጥ የሚደማ ሕፃን፣ በጸበል ቦታ መድኃኒቱን አቋርጦ የሚደክም የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ ልኩ በማይታወቅ ሥር የተመረዘ ሰው ሁላችንም አይተናል፤ በነዚህ ላይ ዝም ማለት አይገባንም። ሆኖም መናገር የሚቻለው ከተደመጡ በኋላ ነው። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ ሕመምተኛው ከሁለት በሮች አንዱን እንዲመርጥ መገደዱ ቀርቶለታል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ክታብ ያሰረ ሰው ሲመጣ «ለምን ተጻፈልህ?» ወይም «ለምን ተጻፈልሽ?» ብለን እንጠይቅ። ጸበል የተጠመቀውን ለስንት ቀን እንደ ተጠመቀና ምን እንዳቋረጠ እንጠይቅ። ሥር የጠጣውን የትኛውን ተክል እንደሆነ እንጠይቅና ስሙን በካርዱ ላይ በአማርኛው እንጻፍ። ጥያቄው ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ማንም ያልወሰደው የሕመም ታሪክ ነው።

ያቺ እናት ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ፀንሳ መጣች። ክታቡ በአንገቷ ላይ ነበር። አላወለቀችውም፤ እኔም አላዘዝኋትም። በዚያው ቀን ለሪፈራል የሚሆነውን ወረቀት ጻፍሁላት፤ የደም ዓይነቷንም በራሴ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ባዶ በነበረው ቦታ ላይ ሞላሁት።